ጃን ሜዳ ለምትወጡ፦ ለፎቶ ቀድማችሁ እንዳትከፍሉ

ይህን የምጽፈው ከተራ ሊደርስ ስለሆነ ነው። አምና ጃን ሜዳ 1,200 ብር ተበልቻለሁ። ዘንድሮ ተረኛ እንዳትሆኑ።

ጥር 11 ጠዋት ነው፤ ጠበሉ ተረጭቶ አልቋል። እናቴን፣ ባለቤቴንና ሁለቱን ልጆች ይዤ ወጥቻለሁ። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ነውና ሁሉም አዲስ ለብሰዋል። እናቴ በጉልበቷ ምክንያት ስንት ዓመት አልወጣችም ነበር። አንድ ደህና የቤተሰብ ፎቶ አማረኝ። የእኔ ስልክ ደግሞ ሌንሱ ተሰንጥቋል።

ካሜራ ያነገተ፣ ባጅ ያንጠለጠለ ልጅ መጣ። «ጋሼ፣ ስድስት ፎቶ። አንዱን በትልቁ አሳጥቤ በፍሬም፣ ሌላውን በቴሌግራም።» እማማ ነጠላዎን ሳብ ያድርጉት፣ ማሙሽ ቀና በል... አቤት ትጋቱ! ካሜራው ላይ ሲያሳየኝም ያምራል።

በቴሌብር ልልክ ቁጥሩን ሳስገባ የወጣው ስም የሴት ነው። «የእህቴ ነው ጋሼ። ነገ ለሚካኤልም እዚሁ ነኝ፣ የት እሄዳለሁ?» አለኝ። እዚያች ላይ መቆም ነበረብኝ። ግን ታቦት ሊነሳ ነው፣ ሕዝቡ ይገፋል፣ ትንሿ ልጄ ሽንቴ መጣ እያለች ነው። ላክሁ።

በማግስቱ ሚካኤልን ለመሸኘት ስወጣ የለም። በሦስተኛው ቀን አንድ ፎቶ ላከ። የእናቴን ግማሽ ፊት የሰው ጃንጥላ ሸፍኖታል፤ መሀሉ ላይ የስቱዲዮ ስም ተጋድሟል። ጽሑፉ የሌለበትን ከፈለግህ 800 ብር ጨምር አለኝ። ስደውል ዘጋብኝ። ማታ ብሎክ አድርጎኛል።

እዚያ የሚሠራው ሁሉ እንዲህ ነው አልልም። ቤታችን የተሰቀለው የልጅነት ፎቶዬ እዚያው ጃን ሜዳ የተነሳሁት ነው። ብቻ ፎቶው ስልካችሁ ላይ ሳይገባ ብር አይውጣ። አሁን ብዙው ካሜራ በዋይፋይ ይልካል። አይልክም ካላችሁ ግማሹን ብቻ ስጡ። ቁጥሩን ተቀብላችሁ እዚያው ፊቱ ቆማችሁ ደውሉበት፣ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ይጩህ። የነገራችሁ ስምና ቴሌብር ላይ የሚወጣው ካልገጠመ ደግሞ እህቴ፣ አክስቴ ቢል አትስሙት።

ቀለበት ውርወራው ጋ ልጆቹ ስላስበሉኝ 150 ብር አልከስም፤ እሱስ ቁማር መሆኑን እያወቅሁ ነው የገባሁበት።

እናቴ እስካሁን «ያ ልጅ ፎቶውን አመጣው?» ትለኛለች። ሌንሱን አስቀይሬያለሁ።