ሳተላይት ለማየት 10×50 ባይኖኩላር፦ ከሱሉልታ ሜዳ ላይ ሲፈተሽ

ሳተላይት ለመከታተል ቴሌስኮፕ አትግዙ፤ እይታው ጠባብ ስለሆነ ሳታዩት ያልፋችኋል። 10×50 ባይኖኩላር ግን ልክ ነው። 10 ጊዜ ያጎላል፣ የፊት ሌንሱ ስፋት 50 ሚሊ ሜትር ነው፣ አብዛኛው ሞዴል በአንዴ 6.5 ዲግሪ ገደማ ሰማይ ያሳያል። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሆኖ አናት ላይ ሲደርስ በሰከንድ 1 ዲግሪ ገደማ ስለሚሮጥ፣ እጃችሁ ካልተከተለው በ6 ሰከንድ ከእይታችሁ ይወጣል።

ፎከሱን ቀደም ብላችሁ ደማቅ ኮከብ ላይ ጨርሱ። ግራ ዓይንን በመሃሉ መዘውር፣ ከዚያ ቀኝ ዓይንን በራሱ ቀለበት፣ ኮከቡ እንደ መርፌ ጫፍ እስኪሆን። ሳተላይቱ ሲመጣ በባዶ ዓይን ያዙት፤ ዓይናችሁን ሳትነቅሉ ባይኖኩላሩን አምጡ። ዕቃው ወደ 1 ኪሎ ስለሚጠጋ ክንድ ይንቀጠቀጣል። ሣሩ ላይ አንጥፎ በጀርባ መተኛትና ክርንን ደረት ላይ ማሳረፍ ይሻላል።

የምሽቱ ምርጥ ጊዜ ጣቢያው ወደ ምሥራቅ ሲያዘቀዝቅ የምድር ጥላ ውስጥ የሚገባበት ነው። በባዶ ዓይን ድንገት የጠፋ ይመስላል። በባይኖኩላር ግን ነጩ ብርሃን ብርቱካናማ ሆኖ ቀስ እያለ ሲከስም ለጥቂት ሰከንዶች ይታያል። ለዚህ ብቻ ቢገዛ አያስቆጭም!

መርካቶ ስትገዙ ማጉላቱ የሚቀያየረውን ዓይነት ተዉት፤ ሰማዩን ያጠብባል። ሌንሱ ቀይ ሆኖ የሚያብረቀርቀውም ብርሃን ይቀንሳል። ዕቃውን ከፊታችሁ አርቃችሁ የዓይን ማያዎቹን ተመልከቱ፦ የብርሃኑ ነጥብ ሙሉ ክብ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ጠርዙ የተቆረጠ አራት ማዕዘን ከመሰለ ፕሪዝሙ (ውስጡ ብርሃኑን የሚያጥፈው መስታወት) ደካማ ነው። የሩቅ ምሰሶ ሁለት ሆኖ ከታያችሁ ደግሞ መልሱት። ሁለቱ ቱቦዎች አልገጠሙም ማለት ነው፣ በፎከስ አይድንም፣ ራስ ያሳምማል።

ሱሉልታ ከእንጦጦ ጀርባ ስለሆነች ተራራው የአዲስ አበባን መብራት በከፊል ይጋርዳል፤ ደቡብ አድማስ ግን ይፈካል። ሰዓቱ ከምሽቱ 1 እስከ 2 ነው፤ ከዚያ በኋላ ዝቅ ብለው የሚበሩት አብዛኞቹ ጥላ ውስጥ ናቸው። ሳተላይት የሚያልፍበትን ሰዓት የሚነግራችሁ የስልክ አፕ 19:12 ካለ ምሽት 1:12 ነው፣ ያላችሁበት ቦታም አፑ ላይ በትክክል መሞላቱን እዩ። ክረምቱን ደመናው አያሠራም። ንጋት ላይ ስትከታተሉ ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት ባይኖኩላሩን ከምሥራቅ አንሱ፤ በሌንስ የታየች ፀሐይ ዓይን ታጠፋለች።