ለተቀረቀረ መኪና፦ የሚለጠጥ ገመድ፣ ሳንቃ ወይስ ዊንች?

ቅዳሜና እሁድን ከጓደኞቻቸው ጋር ድንኳን ጭነው ከአስፋልት የሚወጡ ሰዎች ፎር ዊሉን ከገዙ በኋላ ዓይናቸው ቶሎ የሚያርፈው ዊንች ላይ ነው። ይህ በባትሪ ኃይል ገመድ እየጠቀለለ መኪናውን የሚስብ መሣሪያ፣ የተቀረቀረ መኪና ከሚያወጡት ከሦስቱ (ከሚለጠጥ ገመድ፣ ከሳንቃና ከዊንች) በጣም ውዱና ከባዱ ነው፤ ለአብዛኛው አጭር ጉዞ ደግሞ መጨረሻ ላይ መገዛት ያለበት ነው። ምርጫውን የሚወስነው ስንት መኪና አብሮ እንደሚሄድና የምትሄዱበት መሬት ዓይነት ነው።

ከሦስቱም በፊት ግን አካፋ፣ የጎማ ንፋስ መለኪያና ከመኪናው ባትሪ የሚሠራ ኮምፕረሰር ይገዙ። አሸዋ ላይ መኪና የሚቀረቀረው ብዙ ጊዜ ጎማው ለአስፋልት በተሞላው ንፋስ ስለሚገባ ነው። ከ30 ፒኤስአይ (የጎማ ንፋስ የሚለካበት አሃድ) በላይ የነበረው ወደ 18 ሲወርድ ጎማው መሬት የሚነካበት ቦታ ይረዝማል፣ ክብደቱም ስለሚሰራጭ አይሰምጥም። ከ15 በታች ከወረደ ደግሞ መሪ በኃይል ሲጠመዘዝ ጎማው ከቸርኬው ሊወጣ ይችላል። አስፋልት ላይ ስትመለሱ መልሳችሁ ሙሉት፤ ንፋሱ ያነሰ ጎማ በፍጥነት ሲነዳ ግሎ ሊፈነዳ ይችላል።

የሚለጠጥ ገመድ

ሁለትና ከዚያ በላይ መኪና ከሆናችሁ ቀዳሚው ይህ ነው። ከናይለን ስለሚሠራ ሲሳብ ከ20 እስከ 30 በመቶ ይለጠጣል፤ ጎታቹ ሲነሣ ኃይሉን ያጠራቅምና የተያዘውን መኪና ሳያንገጫግጭ ይነቅለዋል። ተራው የመጎተቻ ገመድ ወይም ካቦ ስለማይለጠጥ ጎታቹ ተንደርድሮ ሲስበው ምቱ በሙሉ ሻንሲው ላይ ያርፋል። ሁለቱ ሲታዩ ስለሚመሳሰሉ መለያውን አንብቡ፦ «ፖሊስተር» የሚል ከሆነ ለመጎተት እንጂ ለመንቀል አይሆንም።

የመበጠሻ አቅሙ ከሁለቱ መኪኖች የቀላሉ ክብደት ከነጭነቱ ከ2 እስከ 3 እጥፍ ይሁን። ከነጭነቱ 3 ቶን ለሚመዝን መኪና 8 ቶን የሚችል ገመድ ይበቃል። በጣም የወፈረ ገመድ መግዛት ጥቅም የለውም፤ ለቀላል መኪና ሳይለጠጥ ይቀርና ከካቦ አይለይም። የተለመደው ርዝመት 9 ሜትር ነው።

አጠቃቀሙ ላይ ጥንቃቄ አይጓደል። ከ2 እስከ 3 ሜትር የሚሆነው ገመድ በሁለቱ መኪኖች መካከል ረግቦ ይተኛ፤ ጎታቹ በከባድ ማርሽ በዝግታ ይነሣ፣ የተያዘውም ገመዱ ሲወጠር ቀስ ብሎ ነዳጅ ይርገጥ። ሦስቴ ተሞክሮ ካልወጣ ፍጥነት አትጨምሩ፤ አካፋውን አንሥታችሁ ከጎማዎቹ ፊትና ከሆዱ ሥር ቆፍሩ። ገመዱን የተጎታች ማያያዣ ኳስ ላይ ፈጽሞ እንዳታስሩ። ኳሱ ተሰብሮ እንደ ጥይት ይወረወራል፣ በዚህ ምክንያት የሞቱ ሰዎች አሉ። መታሰር ያለበት ከሻንሲው ጋር በጠንካራ ቡሎን የተያያዘና ለመጎተት ተብሎ የተሠራ መንጠቆ ላይ ነው። መኪናችሁ ከፊትና ከኋላ ይህ ከሌለው የመንጠቆውን ዋጋ ከገመዱ ጋር ደምሩት፤ ያለሱ ገመዱ ዋጋ የለውም። ገመዱን ከመንጠቆው ጋር ለማያያዝ ከብረት ሻክል (ተከፍቶ የሚዘጋ ማያያዣ) ይልቅ ከገመድ የተሠራው ሻክል ይመረጣል፤ ቀላል ስለሆነ አንድ ነገር ቢበጠስ የሚያደርሰው ጉዳት ያንሳል። ከሁለቱ ሾፌሮች በቀር ሁሉም ሰው ቢያንስ 14 ሜትር ይራቅ፤ በገመዱ አቅጣጫ ደግሞ ማንም አይቁም።

ሳንቃ

ብቻውን ለሚሄድ መኪና፣ በተለይ አሸዋና ስስ ጭቃ ላይ፣ ከዚህ ጎማ ሥር ከሚገባ ጥርስ ያለው የፕላስቲክ ሳንቃ የሚሻል የለም። ሌላ መኪናም ዛፍም አይፈልግም። ሁለት ሳንቃ ለመጀመሪያ ይበቃል። የሚበላሸው ግን በችኮላ ነው፦ ሾፌሩ ነዳጅ ሲረግጥ ጎማው ይሽከረከርና የፕላስቲኩን ጥርስ በሰከንዶች ውስጥ ያቀልጠዋል። ትክክለኛው አካሄድ ጎማው ያቆመውን ጉብታ በአካፋ መጥረግ፣ ሳንቃውን ጥርሱ ጎማውን እስኪነካ ድረስ ከሥሩ ወሽቆ ማስገባት፣ ከዚያም ጎማው ሳይሽከረከር በዝግታ መውጣት ነው። ሳንቃው ወደ ኋላ ሊወነጨፍ ስለሚችል ከጎማው በስተኋላ ማንም አይቁም። መኪናው በሆዱ መሬት ላይ ተቀምጦ ከሆነ ሳንቃ ብቻውን አያወጣውም፤ መጀመሪያ ከሥሩ መቆፈር ግድ ነው። ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ እንዳይጠፋ ጫፉ ላይ ደማቅ ቀለም ያለው ሲባጎ እሰሩለት። ማታ ደግሞ መኪና ውስጥ የሚተኛ ሰው መኪናው እንዳያዘነብል ዝቅ ያለውን ጎማ ከፍ ያደርግበታል።

ዊንች

ጎታች መኪና ለመንደርደር ቦታ በማያገኝበት ጠባብ ዳገትና ድንጋያማ ቦታ ላይ የዊንች ተወዳዳሪ የለውም፤ በዝግታ ስለሚስብ መኪናው ከእጅ አያመልጥም። ሆኖም የሚታሰርበት ነገር ከሌለ አይሠራም፤ ባዶ አሸዋ ላይ በከንቱ የተሸከማችሁት ክብደት ነው።

አቅሙ የመኪናው ክብደት ከነጭነቱ 1.5 እጥፍ ይሁን፤ ለ3 ቶን መኪና 4.5 ቶን ማለት ነው። ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ገመዱ በሚጠቀለልበት ከበሮ ላይ የመጀመሪያው ንብርብር ብቻ ሲቀር ያለው ጉልበት ነው፤ ገመዱ እየተደራረበ ሲጠቀለል ጉልበቱ ይቀንሳል። ስለዚህ አብራችሁ ፑሊ ግዙ፤ ገመዱ በእሱ ዞሮ ወደ መኪናው ሲመለስ ጉልበቱ ወደ እጥፍ ይጠጋል፣ ፍጥነቱ ግን በግማሽ ይቀንሳል። ዊንቹ ሙሉ ጭነት ላይ ከባትሪው ከ400 አምፒር በላይ ሊስብ ስለሚችል የመኪናው ሞተር ሳይጠፋ፣ በየመሃሉም እያረፈ ይሥራ። የዊንቹ ገመድ የብረት ካቦ ከሆነ ድንጋይ ላይ ቢሻሽም ይቋቋማል፣ ነገር ግን ክሩ እየተበጠሰ እጅ ይወጋል፣ ይከብዳልም፤ የፕላስቲክ ክር ገመዱ ቀላልና ሲበጠስም አደጋው ያነሰ ነው፣ ይሁንና ፀሐይና ሹል ድንጋይ ይጎዱታል። ዛፍ ላይ ካቦውን በቀጥታ አትጠምጥሙ፤ ልጡን ቆርጦ ዛፉን ያደርቀዋል። ሰፊ የዛፍ ቀበቶ ለዚህ ተሠርቷል። ዊንቹ ከነማቀፊያ ብረቱ የፊት ሞላውን ዝቅ ስለሚያደርግ ሞላ ማጠናከሪያም ያስፈልገው ይሆናል።

ሦስት መኪና ሆናችሁ ወጪውን ከተካፈላችሁ እያንዳንዱ መኪና መንጠቆ፣ ሻክልና አካፋ የራሱ ይኑረው፤ ገመዱ ሁለት፣ ሳንቃው ሁለት ይሁን፤ ዊንች ከገዛችሁም በከባዱ መኪና ላይ ይገጠም።