ኮከብ መግዛት ወይስ ገንዘቡን መበተን?

ፋንታሲ ቤዝቦል እውነተኛ ተጫዋቾችን መርጠን በሜዳ ውጤታቸው የምንወዳደርበት የምናብ ቡድን ጨዋታ ነው። ተጫዋቾቹን በምንገዛበት ጨረታ የተለመደው ሕግ ለአንድ ቡድን 260 ዶላር፣ 23 ተጫዋች ነው። ዝቅተኛው ዋጋ 1 ዶላር። ታዲያ እንዴት እናውጣው?

አንዱ መንገድ ጥቂት ኮከቦችን በውድ ገዝቶ ቀሪውን በርካሽ መሙላት ነው። አራት ተጫዋች በ40 በ40 ዶላር ከገዛችሁ ለ19 ቦታ የሚተርፈው 100 ዶላር ብቻ ነው። ደስ ይላል፤ ግን ጉዳት አለ። የቤዝቦል ኮከቡ ሮናልድ አኩኛ ጁኒየር እ.ኤ.አ. በ2023 ዓ.ም 41 ሆም ራን (መቺው ሁሉንም ቤዞች ዞሮ ነጥብ የሚያስገኝበት ምት) መትቶ 73 ቤዝ ሰረቀ (ምት ሳይጠብቅ ሮጦ ቀጣዩን ቤዝ ያዘ)። በቀጣዩ ዓመት ጨረታ ዋጋው ሰማይ ነካ። ግንቦት ላይ ጉልበቱን ተጎዳ፤ ዓመቱ በ49 ጨዋታ አበቃ። ያንን ሁሉ ብር ያፈሰሰበት ሰው ምን ያድርግ?

ሌላው መንገድ ለማንም ከ25 ዶላር በላይ አለማውጣት ነው። አንድ ሰው ቢጎዳ ቡድኑ አይፈርስም።

እኔ የማየው የሊጉን ስፋት ነው። 10 ቡድን ብቻ ካለ ያልተገዙ ጥሩ ተጫዋቾች ይተርፋሉ። የ1 ዶላሩ ሰው ካልሠራ በቀላሉ ይቀየራል፤ ስለዚህ ኮከብ እገዛለሁ። ከአሜሪካን ሊግ (ከሁለቱ የአሜሪካ ዋና የቤዝቦል ሊጎች አንዱ) ተጫዋቾች ብቻ በሚመረጥበት የፋንታሲ ሊግ ግን ምርጫው ጠባብ ስለሆነ የ1 ዶላሩ ተጫዋች ብዙ ጊዜ ተቀያሪ ወንበር ላይ ነው የሚውለው። እዚያ እበትናለሁ። ለኳስ ወርዋሪ (ፒቸር) ደግሞ የትም ቢሆን ብዙ አልከፍልም፤ ክንዳቸው ቶሎ ይጎዳል።