ሀዋሳ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ የጣልያንና የጃፓን ምግብ የሚያስተምሩት ባልና ሚስት ቤት (ስለ ስኮላርሺፑም ጭምር)

መጀመሪያ የመጨረሻውን ልንገራችሁ፣ ሀዋሳ ያላችሁ በተለይ ዘንድሮ ተመራቂ የሆናችሁ ልጆች እዚህ ቤት ሳትሄዱ ዓመቱ እንዳያልፍ። ሬስቶራንት አደለም፣ ካፌም አደለም፣ ታቦር ተራራ ስር ካሉት ሰፈሮች ባንዱ ባልና ሚስት መኖሪያ ቤታቸው ውስጥ ሚያዘጋጁት የምግብ ሥልጠና ነው። እሷ በጃፓን መንግሥት ስኮላርሺፕ፣ ሜክስት በሚባለው፣ ማስተርሷን ጨርሳ የመጣች ናት፣ እሱ ደግሞ ጣልያን ቦሎኛ ከተማ ነው የተማረው በሪጅን (በክልል መስተዳድር) ስኮላርሺፕ፣ እና ሁለቱም እዛ እያሉ ራሳቸው እያበሰሉ የለመዱትን አሁን አንድ ላይ አርገው ያስተምራሉ። አብስላችሁ ትበላላችሁ፣ ከዛ ቡና ተፈልቶ ስለ ስኮላርሺፕ የፈለጋችሁትን ትጠይቃላችሁ። ስማቸውን አልፅፍም፣ ሰው የሚኖርበት ቤት ስለሆነ። ለተማሪ መታወቂያ ላሳየ 400 ብር ነው፣ ለኛ ለሌሎቻችን 900፣ ምግቡም እቃውም ቡናውም በዚሁ ውስጥ ነው። እኔ የሄድኩት ወንድሜን ይዤ ነው፣ ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ዘንድሮ ተመራቂ ነው፣ እንቁላል ከመጥበስ ውጪ ምንም ማያቅ ልጅ።

ጣልያንና ጃፓን ምን አገናኛቸው ምትሉ ካላችሁ፣ እኔም መጀመሪያ ያልኩት እሱን ነበር፣ ግን ጃፓኖች ፓስታን ከኛ ባልተናነሰ የራሳቸው ያረጉ ሰዎች ናቸው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዮኮሃማ ኒው ግራንድ ሆቴል ውስጥ ተጀመረ ሚባለው ናፖሊታን አለ፣ ስሙ የጣልያን ይሁን እንጂ ጣልያን አገር የለም፣ ስፓጌቲ በሽንኩርት በቃሪያ በቋሊማ ተጠብሶ ብዙ ቦታ በካቻፕ ነው ሚሠራው። ቶኪዮ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1953 የተከፈተው ካቤ ኖ አና የተባለው ቤት ደግሞ ስፓጌቲን በጨው በታሸ የዓሳ እንቁላል መሥራት ካስለመዱት ነው፣ ከዛ 1980ዎቹ መጨረሻ ላይ አገሩን ሁሉ የጣልያን ምግብ ፋሽን ያዘው። ይሄን ሁሉ እሷ ሽንኩርት እየከተፈች ነው ምትነግራችሁ፣ ሌክቸር ሚመስል ነገር የለውም።

ናፖሊታኑን ስንሠራ እኔ የገረመኝ እኛ ቤት ከምንሠራው ፓስታ ጋር ያለው መመሳሰል ነው። ፓስታው ራሱ ለስለስ ብሎ ነው ሚቀቀለው፣ ቀድሞ ተቀቅሎ ይቀመጥና በኋላ መጥበሻ ላይ ከካቻፑ ጋር ይጠበሳል፣ ካቻፑ መጥበሻው ላይ እየደረቀ ጠቆር ሲል ነው ጣፋጭነቱ ቀንሶ ስልስ ስልስ ሚሸተው። ባልየው ግን ፓስታ ጠንከር ብሎ ካልወጣ አይዋጥለትም፣ ለሱ ድርሻ ለብቻው ነው ሚያወጡለት፣ እና ሁለቱን ጎን ለጎን ስትቀምሱ ልዩነቱ ይገባችኋል። ለኔ ለስላሳው በለጠብኝ፣ ወንድሜ የሱን ወደደ።

የቀኑ ምርጥ ግን የእንጉዳዩ ስፓጌቲ ነው። እንጉዳይ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቅመም የሌለው ለጋ ቅቤ፣ በመጨረሻ ሶያ ሶስ፣ ከላይ የተፈቀፈቀ ደረቅ ፕሮቮሎኔ አይብ። በቃ ይሄው ነው። ሶያ ሶሱን እሳቱ ሊጠፋ ሲል ነው ሚጨምሩት፣ ጨው ደግሞ የመቀቀያው ውሃ ላይ ቀንሱ ትላለች ምክንያቱም ሶያ ሶሱም አይቡም ጨዋማ ናቸው። ለምን እንደሚጥም ስጠይቃት ኢኬዳ የሚባል የጃፓን ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1908 ኮምቡ ከሚባል የባህር አረም ያወጣውን ግሉታሜት የሚባል ጣዕም ሰጪ ነገር ነገረችኝ፣ እሱ ነገር ሶያ ሶስ ውስጥም በደንብ የቆየ የጣልያን አይብ ውስጥም የበሰለ ቲማቲም ውስጥም አለ፣ ዓሳና ሥጋ ውስጥ ያለው ወይም የደረቀ እንጉዳይ ውስጥ ያለው ሌላኛው ዓይነት ጣዕም ሰጪ ሲጨመርበት ጣዕሙ እጥፍ ድርብ ይሆናል። ስለዚህ ሁለቱ አገሮች ምግባቸው አንድ ላይ ሲገባ ሚስማማው በአጋጣሚ አደለም ማለት ነው። ይሄን ካወቅኩ በኋላ ቤቴ ስልስ ስሠራ የደረቀ እንጉዳይ ዘፍዝፌ ውሃውን ሳልደፋ እጨምርበታለሁ፣ ጾም ላይ በተለይ ልዩነቱ በጣም ነው ሚታወቀው፣ ሞክሩት።

ስለ ጾም ካነሳሁ አይቀር ይሄን ሳልል አላልፍም። የጃፓን መረቅ ዳሺ ሚባለው ብዙ ጊዜ ከደረቀ ዓሳ ነው ሚሠራው፣ ምግቡ አትክልት ብቻ ቢመስልም ውስጡ ዓሳ አለ፣ ዓሳ ሳይበላ ለሚጾም ሰው ይሄን ማወቅ ያስፈልጋል። እሷ እዛ እያለች በጾም ጊዜ ከኮምቡና ከደረቅ እንጉዳይ ብቻ ነበር ምትሠራው፣ እሱንም ታሳያችኋለች። ሙስሊም ለሆኑት ደግሞ ምግብ ውስጥ ሚገቡት ሚሪንና ሳኬ ሚባሉት የጃፓን የሩዝ መጠጦች አልኮል እንዳላቸው አስቀድማ ትናገራለች፣ እኛ ጋር ሁለት ሙስሊም ልጆች ስለነበሩ ሙሉ ቀን ምንም አልኮል አልተከፈተም፣ በቦታው ትንሽ ስኳርና የሎሚ ጠብታ ተጠቀምን። ቀድመው ጠይቀው ነው እንዲህ ያረጉት፣ ይሄ ለኔ ትልቅ ነገር ነው።

ዓሳውን ጠዋት ሀይቁ ዳር ያለው የዓሳ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ሄደው ነው ሚገዙት፣ ቆረሶ ነው። እዛ ጥሬውን በዳጣ መብላት ለኛ የተለመደ ነው፣ እና ሁላችንም ጃፓን ሲባል ሱሺ ጠብቀን ነበር፣ እሷ ግን ጥሬ የሀይቅ ዓሳ አልሰጣችሁም አለች እቅጩን። ጃፓኖች ጥሬ ሚበሉት በብዛት የባህር ዓሳ ነው፣ የሀይቅና የወንዝ ዓሳ ሰው ላይ ሚቀር ጥገኛ ትል ሊኖረው ይችላል፣ ትሉን ለመግደል ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ለሰባት ቀን በረዶ ሆኖ መቆየት አለበት፣ መብራት እየጠፋ እየመጣ የቤት ፍሪጅ ይሄን አያረግላችሁም። ዳጣ ይገድለዋል ያለ ልጅ ነበር፣ አይገድለውም ብላ በትዕግሥት አስረዳችው። ስለዚህ ቆረሶው ፊሌቶ ተደርጎ በወይራ ዘይት በቆዳው በኩል ተጠበሰ፣ ከላዩ ሶያ ሶስ፣ ሎሚ፣ ዝንጅብልና የተፈጨ ቲማቲም። ያስገረመኝ እንቁላሉ ነው፣ አሞራ ገደል አባ ኮዳ ለሚባለው ትልቅ ወፍ ሚወረወረውን የዓሳ እንቁላል ገዝተው አምጥተው በጨው አሽተው በእንፋሎት አብስለው ከቅቤ ጋር ስፓጌቲ ላይ አረጉት። ሽታው ለሁሉም አይሆንም፣ እውነቱን ለመናገር ከኛ ሦስቱ አልጨረሱትም፣ እኔ ግን ደግሜ ነው የበላሁት።

ሪዞቶውም አለ በፎገራ ሩዝ፣ ከባስማቲ ይልቅ ያዝ ያዝ ያረጋል፣ ግን የኛ ቀን ላይ ትንሽ ገንፎ ሆኖ ወጣ፣ ብዙ እጅ ስላማሰለው ይመስለኛል። እሱን እንለፈው። አንድ ለተማሪ ሚሆን ነገር ግን ልንገራችሁ፣ ቀጭን ስፓጌቲ የሚቀቀልበት ውሃ ላይ አንድ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ከጨመራችሁ ቢጫ ሆኖ ራመን እንደሚባለው የጃፓን የሾርባ ፓስታ ዓይነት ለጠጥ የሚል ነገር ይሆናል፣ ውሃው ግን አረፋ ስለሚያነሳ ትልቅ ድስት ይሁን፣ ካወጣችሁት በኋላም አለቅልቁት።

አሁን ወደ ስኮላርሺፑ። ብዙዎቻችሁ ለሱ እንደምታነቡ አቃለሁ። ቡናው ሲቀርብ ነው ሚጀመረው፣ ምግቡና ስኮላርሺፑ ለምን አንድ ላይ ሆነ ብሎ ወንድሜ ሲጠይቅ "ወንድሜ፣ ስኮላርሺፕ ሲሰጥህ ምግብ ሚሠራልህ ሰው አብሮ አይሰጥህም" አለችው። የሜክስት ወርሃዊ ክፍያ ለዲግሪ ተማሪ 117,000 የን ነው፣ ለማስተርስና ለዶክትሬት ከ143,000 እስከ 145,000፣ የትምህርት ክፍያና የአውሮፕላን ትኬት ተሸፍኖ። ብዙ ይመስላል፣ ግን የቤት ኪራይ ከሱ ነው ሚወጣው፣ በየቀኑ ውጪ ምትበሉ ከሆነ ወሩ አጋማሽ ላይ ታልቃላችሁ።

በኤምባሲ በኩል ያለው ማመልከቻ አብዛኛውን ጊዜ ሚያዝያና ግንቦት አካባቢ ነው ሚወጣው፣ አዲስ አበባ ባለው የጃፓን ኤምባሲ። ለዲግሪ ሂሳብና እንግሊዝኛ ይፈተናሉ፣ ሳይንስ ለሚመርጡ የሳይንስ ፈተናም አለው፣ ያለፉት እዛ ሲሄዱ መጀመሪያ አንድ ዓመት ቋንቋ ይማራሉ። ለማስተርስ ዋናው የሪሰርች ፕላኑ ነው፣ እሷ የራሷን አውጥታ አሳየችን፣ የመጀመሪያው ድራፍት ላይ "ለአገሬ እድገት" ምናምን ብላ የፃፈችው ሙሉ ገፅ ተሰርዞ ነበር፣ በቦታው የትኛውን ነገር በየትኛው ዘዴ እንደምታጠና ነው የገባው። ከዛ የመጀመሪያውን ማጣሪያ ያለፈ ሰው ራሱ ፕሮፌሰር ፈልጎ የቅድሚያ ቅበላ ደብዳቤ ማግኘት አለበት። ሥራ ላይ ላላችሁ ደግሞ ጃይካ በሚባለው የጃፓን የልማት ትብብር ድርጅት በኩል የአቤ ኢኒሼቲቭ ሚባለው አለ፣ ማስተርስና ከዛ የጃፓን ካምፓኒ ውስጥ ኢንተርንሺፕ።

የጣልያኑን ባልየው ነው ያስረዳው እና ለኔ አዲስ የሆነብኝ እሱ ነው። እዛ የሪጅን ስኮላርሺፕ ሚባል አለ፣ በውጤት ብቻ ሳይሆን በቤተሰብ ገቢ ነው ሚሰጠው፣ ቦሎኛ ያለው ኤርጎ ይባላል፣ ቶሪኖ በኩል ኤዲሱ። ከቤተሰባችሁ ርቃችሁ ለምትኖሩ በዓመት ወደ 7,000 ዩሮ አካባቢ ሊደርስ ይችላል፣ እንደ ሪጅኑና እንደ ገቢያችሁ ይለያያል። የቤተሰብ ገቢና ንብረት ማስረጃው ወደ ጣልያንኛ ተተርጉሞ ሕጋዊ መሆን አለበት፣ ይሄ ወራት ስለሚፈጅ ቅበላው እስኪመጣ አትጠብቁ ነው ሚለው። ማንም ማይነግራችሁ ደግሞ ገንዘቡ በየወሩ አይመጣም፣ የመጀመሪያው ክፍያ ብዙ ጊዜ የፈረንጅ ዓመት ሊያልቅ ሲል ነው ሚገባው፣ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ወራት ሚያኖራችሁ ብር ይዛችሁ መሄድ አለባችሁ። የመጀመሪያ ዓመት ላይ ደግሞ እስከ ኦገስት 10 በአብዛኛው 20 ክሬዲት ካልሞላችሁ ቀሪው ክፍያ ይቀራል፣ ከዛም ካለፈ የወሰዳችሁትን መልሱ ልትባሉ ትችላላችሁ። ኢንቬስት ዩር ታለንት ኢን ኢታሊ ሚባለውም ለኢትዮጵያውያን ክፍት ነው፣ ለማስተርስ።

እዚህ ጋር ነው እኔ ለዚህ ቤት ያለኝ አክብሮት የጨመረው። ከተማው ውስጥ "ስኮላርሺፕ ፕሮሰስ እናስደርጋለን" ብሎ የሰው ልጅ ብር የሚበላ ስንት አለ፣ የጎረቤቴ ልጅ እናቷ በሬ ሽጠው የከፈሉት ገንዘብ ፎርም ለሞላ ደላላ ሄዶ ቀርቷል፣ ፎርሙ ኤምባሲው ድረ ገፅ ላይ በነፃ የሚወርድ ነው። የጃፓን ኤምባሲ ለማመልከቻ ምንም አያስከፍልም። እነዚህ ባልና ሚስት ለስኮላርሺፑ ምክር አምስት ሳንቲም አይቀበሉም፣ ለምግቡ ብቻ ነው ምትከፍሉት፣ እናስገባችኋለን ሚል ቃልም ካፋቸው አይወጣም። ወንድሜ የትምህርት ዝርዝሩን አሳያቸውና ለሜክስት ውጤትህ ጠባብ ነው፣ የጣልያኑን ሞክር አሉት ፊት ለፊት፣ ትንሽ ከፋው፣ ግን ማንም እንዲህ ብሎት አያውቅም ነበር። አሁን የአባታችንን የገቢ ማስረጃ እያወጣ ነው።

ማይወደድ ነገርም አለው። ኩሽናው ጠባብ ነው፣ ስምንት ሰው ይላሉ ስድስት ቢሆን ጥሩ ነበር፣ መጥበሻው ጋር ማትደርሱበት ጊዜ አለ። 4 ሰዓት ይጀመራል ተብሎ 5 ሰዓት ሆነ፣ ከቡራና ከአለታ ወንዶ ለሚመጡ ልጆች መመለሻ መኪና ይከብዳል። የምግቡ መጠን ለቅምሻ እንጂ ለምሳ አይበቃም። ሪሲፒውን በወረቀት ቢሰጡን ደግሞ ምን አለበት፣ ሁላችንም በስልክ ፎቶ ስናነሳ ነበር። ሶያ ሶስ ለማግኘትም ትልልቆቹን ሱፐርማርኬቶች ጠይቁ፣ ጀርባውን አንብባችሁ ሶያ፣ ስንዴ፣ ጨውና ውሃ ያለውን ምረጡ፣ በቀለምና በስኳር ብቻ የተሠራ አለ፣ እሱ ምንም አይጠቅማችሁም።

ከአምስት 4 ተኩል ሰጥቻለሁ፣ ግማሹን የቀነስኩት ለሰዓቱ ነው። ምትሄዱ ከሆነ ቅዳሜው ከመድረሱ ቢያንስ ሁለት ሳምንት በፊት አስይዙ፣ ሽርጥና የምትወስዱበት ሳህን ያዙ፣ ተማሪዎች ደግሞ መታወቂያችሁን ብቻ ሳይሆን የትምህርት ማስረጃችሁን ኮፒ ይዛችሁ ሂዱ፣ ሳታሳዩዋቸው ከጠየቃችሁ ሚሰጧችሁ መልስ ጠቅላላ ነው፣ ካሳያችኋቸው ግን አንድ በአንድ ቁጭ ብለው ያዩላችኋል።