ከ125 ወደ 650 ላሻገሩኝ ጋሼ ምስጋና (ለንደን ላላችሁ ሞተረኞች ጥቆማ)

ሰላም ለሁላችሁም። ለንደንና አካባቢው ያላችሁ፣ በተለይ ዲሊቨሪ የምትሠሩ እህት ወንድሞቼ፣ ይቺን ጽሁፍ ታግሳችሁ አንብቡልኝ። የትልቅ ሞተር መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ያስተማሩኝን ሰው በአደባባይ ሳላመሰግን ብቀር ሕሊናዬ አይፈቅድልኝም።

ስማቸውን እዚህ አልጽፍም። እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። በስድሳዎቹ ውስጥ ያሉ፣ ድምፃቸው ጎላ ያለ፣ የኛው አገር ሰው ናቸው።

አራት ዓመት ከምናምን በ125 ሲሲ ስኩተር ምግብ ሳደርስ ኖሬያለሁ። ከፊትም ከኋላም ቀዩ ኤል (የለማጅ ምልክት) ተለጥፎ። ለማታውቁት፣ እዚህ እንግሊዝ አገር ሲቢቲ የሚባለውን ስልጠና ከወሰዳችሁ በኤል እስከ 125 ሲሲ መንዳት ትችላላችሁ። የሚያገለግለው ግን 2 ዓመት ብቻ ነው። ሲያልቅ እንደገና ትከፍላላችሁ፣ እንደገና ትቀመጣላችሁ። እኔ 3 ጊዜ ወስጄዋለሁ። ሰው ከኋላ መጫን አይቻልም። ሞተርዌይ መግባት አይቻልም። ወንድሜ ሌስተር ነው የሚኖረው፣ በኤም 1 ቀጥታ መንገድ ነው፣ እኔ ግን እሱን ለመጠየቅ ሞተሬን በር ላይ አቁሜ ባቡር ስሳፈር ነው የኖርኩት።

ያስወሰነኝ ግን እሱ አይደለም። ባለፈው ጥር ኖርዝ ሰርኩላር በሚባለው የለንደን ትልቅ መንገድ ላይ ማታ ስመለስ ነው። ከኋላዬ የጭነት መኪና ተጠጋኝ። መብራቱ ስፖኪዮዬን ሞላው። የነዳጁን እጀታ እስከ መጨረሻ አዙሬዋለሁ፣ ሞተሩ ያለውን ሁሉ ሰጥቶኛል፣ ከዚያ በላይ የሚጨምርልኝ ነገር የለም። ሹፌሩ እስኪያልፈኝ ድረስ ስጸልይ ነበር። ቤት ስገባ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። በዚያው ሌሊት ለትልቁ መማር አለብኝ አልኩ።

መጀመሪያ የሄድኩበት ቦታ ስሙን አልጠራም። የ4 ቀን ጥቅል ስልጠና ሸጡልኝ። ጠዋት 650 ላይ አስቀመጡኝ፣ ከሰዓት በኋላ መንገድ ላይ ነበርኩ። አስቡት፣ ስኩተር ማርሽ የለውም፣ እኔ በሕይወቴ ፍሪሲዮን ነክቼ አላውቅም። በ3ኛው ቀን ሞጁል 1 የሚባለውን የግቢ ፈተና አስፈተኑኝ። ዩ-ተርን ላይ ከመስመሩ ወጣሁና ፈተናውን ወደቅኩ። "አሁን ምን ላድርግ?" ስላቸው ሌላ ጥቅል ግዢ አሉኝ። በጣም ነው ያዘንኩት። ገንዘቡ ሌሊት በዝናብ የተለቀመ ገንዘብ ነው። ከዚያም በላይ ግን ለትልቅ ሞተር አልተፈጠርኩም ብዬ ማመን ጀምሬ ነበር። ቁመቴ 1.58 ነው። ክብደቱን አልችለውም አልኩ።

ከቤተክርስቲያን የማውቃት እህት ናት የጋሼን ስልክ የሰጠችኝ። ደወልኩ።

"ምንድነው አሁን የምትነጂው ልጄ?" አሉኝ።
"125 ነው ጋሼ።"
"ማርሽ ያለው?"
"አይደለም፣ ስኩተር ነው።"
"እንግዲያው ትልቁን ለጊዜው እርሺው። መጀመሪያ ማርሽ ያለው 125 ላይ እናስለምድሽ።"

ሌላው ቦታ ይህን ማንም አልጠየቀኝም።

650 ላይ ያወጡኝ ቀን ደግሞ የመጀመሪያውን አንድ ሰዓት ሞተሩን አላስነሳንም። ካዋሳኪ ዜድ 650 ነው፣ 187 ኪሎ ይመዝናል። በግራ በኩል ቆሜ፣ ወንበሩን ዳሌዬ ላይ አስደግፌ፣ ቀኝ እጄን የፊት ፍሬኑ ላይ አድርጌ እንድገፋው አደረጉኝ። ወደፊት፣ ወደኋላ፣ በክብ። እዚያ ነው የገባኝ፤ ሞተሩ ቀጥ ብሎ እስከቆመ ድረስ ያ ሁሉ ክብደት ጎማዎቹ ላይ እንጂ እኔ ላይ አይደለም። "እግሬ አይደርስም ጋሼ" ስላቸው፣ "ሁለቱም ምን ያደርጉልሻል? ግራሽ መሬት ይንካ፣ ቀኝሽ የኋላ ፍሬኑ ላይ ይቀመጥ" አሉኝ። አራት ዓመት ሁለት እግሬን አንድ ላይ ሳወርድ ነው የኖርኩት።

ከዚያ ቀስ ብሎ መንዳት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ትልቅ ሞተር ሲፈጥን ቀላል ነው፣ ሰውን የሚጥለው ሲያዘግም ነው። ጋሼ ሦስት ነገር ደጋግመው አስያዙኝ። ፍሪሲዮኑን ሙሉ በሙሉ አትልቀቂው፣ ሞተሩ መሳብ የሚጀምርበትን ቦታ ፈልጊና እዚያው ያዢው። ነዳጁን ትንሽ ስጪውና እጅሽን አታንቀሳቅሺ። ፍጥነቱን በኋላ ፍሬን ብቻ ቀንሺ፣ መሪው ዞሮ እያለ የፊቱን ከያዝሽ ሞተሩ ተኛ ማለት ነው። አንገቴን ሳላዞር ስቀር ደግሞ በሬዲዮው "ቀና በይ! መሬቱን ካየሽ መሬት ላይ ነሽ!" ይሉኛል። ጆሮዬ ውስጥ አሁንም አለ። ለዩ-ተርን ፈተናው የሚሰጠው ስፋት 7.5 ሜትር ነው። እሳቸው በጠመኔ 6.5 ሜትር አስምረው እዚያ ውስጥ ነበር የሚያዞሩኝ። የፈተናው ቀን መስመሩን ሳየው ሜዳ መሰለኝ።

አንድ ቀን ጣልኩት። የፊት ፍሬኑን ይዤ፣ ልክ እንዳሉኝ። ሮጠው መጡና ሞተሩን ዞር ብለውም አላዩትም፣ "አንቺ ደህና ነሽ?" ነው ያሉት። የፍሪሲዮኑ እጀታ ተሰብሮ ነበር። ልክፈል ብል አልተቀበሉኝም። ይልቅ እንዴት እንደሚነሳ አሳዩኝ፤ ጀርባዬን ለወንበሩ ሰጥቼ፣ ዝቅ ብዬ፣ በእግሬ እየገፋሁ ወደኋላ በትናንሽ እርምጃ። እኔ፣ 1.58ዋ፣ ብቻዬን አነሳሁት።

ሌላ ሰው የማያስበውን አንድ ነገር ልጨምር። ስልጠናው በአማርኛ ነው፣ ከኋላዬ እየነዱ በሬዲዮ ያወሩኛል። የመጨረሻዎቹን ሁለት ቀናት ግን ወደ እንግሊዝኛ ቀየሩት። ፈታኙ እንደሚናገረው፣ ቀዝቀዝ አድርገው፣ ቀጣዩን ወደ ግራ፣ እዚያ ጋ ቁሚ እያሉ። ጆሮዬ ፈተናው ላይ እንዳይደነግጥ ነው። ዝናብ ሲሆን ደግሞ ስልጠና አይሰርዙም፣ እንዲያውም ሆን ብለው ነው የሚያወጡኝ፣ የውሃ ጉድጓድ ክዳኑ፣ ነጩ የመንገድ ቀለም፣ አደባባይ ላይ የፈሰሰው ናፍጣ ምን እንደሚያደርግ በዝግታ እያለሁ እንዳውቀው። የስኩተሬ ጉልበት 9 ኪሎዋት ገደማ ነው፣ የዚህኛው 50 ነው። በስኩተር ልማድ እጀታውን እስከ ጫፍ ማዞር የለም።

ሞጁል 1 ተቀጥሮልኝ እያለ ሳምንት ሲቀረው "አልደረስሽም፣ ቀኑን እንቀይረው" አሉኝ። ተናደድኩ፣ አልዋሽም። አሁን ሳስበው እኔን አስፈትነው ብወድቅ እንደገና የምከፍለው ለእሳቸው ነበር። ሁለተኛው ቀጠሮ ላይ በ1 ስህተት አለፍኩ፣ የሚፈቀደው 5 ነው። የመንገዱን ሞጁል 2 ደግሞ በ3 ስህተት፣ የሚፈቀደው 10 ነው። ጋሼ ውጤቱን ሲሰሙ ዞር ብለው ጓንታቸውን ማስተካከል ጀመሩ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

ካለፍኩ በኋላ እንኳ አልተለዩኝም። 900 ሲሲ ልገዛ አስቤ ነበር። "አንድ ዓመት 650 ላይ ቆዪ፣ ኢንሹራንሱንም ጠይቂና ልዩነቱን እዪ" አሉኝ። ጠየቅኩ፣ አየሁ፣ ተውኩት። አሮጌ ሞተር ስናይ አብረውኝ መጡ። ጎማው ጎን ላይ ያለውን ባለ 4 አሃዝ ቁጥር አነበቡልኝ፣ 1419 ካለ በ2019 በ14ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። የፊት ሾኩ ላይ ዘይት መኖሩን በጣታቸው ዳሰሱ። የታርጋ ቁጥሩን የመንግሥት ድረ-ገጽ ላይ አስገብተው የዓመታዊ ምርመራውን ታሪክ በነፃ አሳዩኝ። የመጀመሪያውን ሞተር ትተነው ሄድን። ሁለተኛውን ገዛሁ። ለድካማቸው የተቀበሉኝ አንድ ቡና ነው።

በውስጥ መስመር ለጠየቃችሁኝ፦ ትልቁን ያለ ገደብ በቀጥታ ለማውጣት 24 ዓመት መሙላት አለባችሁ። ከ19 ጀምሮ እስከ 35 ኪሎዋት ያለውን ማውጣት ይቻላል። ቲዎሪው ከ50 ጥያቄ 43፣ ከዚያ አደጋን ቀድሞ የመለየት ቪዲዮው ከ75 ነጥብ 44 ይፈልጋል። ማርሽ በሌለው ከተፈተናችሁ ማርሽ ያለውን መንዳት አትችሉም፣ ስለዚህ ጋሼ እንዳሉኝ በማርሽ ተፈተኑ። የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ ደግሞ እዚህ በቀጥታ አይቀየርም፣ ብዙ ሰው በዚህ ምክንያት ጊዜውን ያባክናል።

ርካሽ ናቸው አልላችሁም። ያ ጥቅል ከሸጠልኝ ቦታ በሰዓት ትንሽ ይወደዳሉ። ሰዓትም ይቆጥራሉ፣ 10 ደቂቃ ካረፈዳችሁ 10 ደቂቃዋ ከናንተ ናት። በሬዲዮ ይጮሃሉ፣ ጩኸት የማይችል ሰው አስቀድሞ ይንገራቸው፣ ይቀንሱለታል።

ባለፈው እሁድ ሌስተር ሄድኩ። ያለ ኤል፣ በኤም 1። ዋትፎርድ ጋፕ የሚባለው የመንገድ ማረፊያ ላይ ቆሜ ሻይ ገዛሁና ደወልኩላቸው። "ሰንሰለቱን ዘይት ቀብተሻል?" ነው ያሉኝ። ቀብቻለሁ ጋሼ። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ፣ ለሁላችሁም እመልሳለሁ። ቅዳሜና እሁድ ስልጠና ላይ ስለሆኑ አያነሱም። መልእክት ተዉላቸው፣ አሁን የምትነዱት ማርሽ ያለው ይሁን የሌለው አብራችሁ ጻፉላቸው።