ሦስት መቶ ተማሪ፣ አንድ ደወል፦ በትንሽ መንፈሳዊ ኮሌጅ የፍሬሽማን ዓመቴ

የኮሌጁን ስም አልጠራም። ቅሬታም አለኝ፣ ውለታም አለብኝ። ሁለቱንም በነፃነት ለመጻፍ ስሙ ቢቀር ይሻላል። ደግሞም ሌሎች ትንንሽ የሃይማኖት ኮሌጆች የገቡ ጓደኞቼ የሚያወሩት ከእኔ ታሪክ ብዙ አይርቅም።

ተማሪው በሙሉ ተቆጥሮ ሦስት መቶ ቢሞላ ነው። ምዝገባው ግማሽ ቀን አልፈጀም። የሪጅስትራር ሠራተኛዋ ፎርሜን ስትቀበለኝ በስሜ ጠራችኝ። ገና ስሜን አልነገርኳትም ነበር፤ ማመልከቻዬ ላይ ያለውን ፎቶ አይታ ይዛዋለች። ያኔ በጣም ደስ አለኝ። ስድስተኛው ሳምንት ላይ ግን ስሜን የማያውቅ ሰው ናፈቀኝ።

እንዲህ ያለ ኮሌጅ ከምንም በላይ የሚሰጣችሁ መታወቅን ነው። ሲመች ይመቻል። ሲከብድም በጣም ይከብዳል። ግምገማዬ በሙሉ ከዚህ አይወጣም።

ከቻፕል ልጀምር። በሳምንት ሦስት ቀን ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ደወል ይደወላል። ክፍል ይዘጋል፣ ላይብረሪ ይዘጋል፣ ሁሉም ወደ ጸሎት ቤት ይሄዳል። በሩ ላይ መታወቂያችንን ማሽን ላይ እናስነካለን። ከተፈቀደለት በላይ የቀረ ደብዳቤ ይደርሰዋል። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ጸሎት ቤት ሮጬ የምሄድ ልጅ ነኝ። ማንም ገፍቶኝ አያውቅም። እዚያ ግን ማሽኑ ጢጥ ባለ ቁጥር ውስጤ የሆነ ነገር ይዘጋል። ሁለት ወር ሙሉ፣ ስብከት እየሰማሁ የማስበው ስንት ቀን መቅረት እንደምችል ነበር። እግዚአብሔር የራቀኝ መሰለኝ። መንፈሳዊ ኮሌጅ ውስጥ ተቀምጦ «መጸለይ አቃተኝ» ማለት እንዴት እንደሚከብድ የቀመሰው ያውቀዋል። ለማንም አልተናገርኩም።

ዶርም ውስጥ አራት ነን። ከእኔ በላይ ያለው አልጋ ላይ የምትተኛው ልጅ በየቀኑ ሌሊት አስር ሰዓት ላይ ትነሳለች። አልጋው ሲጥጥ ይላል። ብርድ ልብሷን ተከናንባ፣ መስኮቱ ሥር ተንበርክካ፣ በሹክሹክታ ትጸልያለች። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ እሰማታለሁ። ቀናሁባት። እሷ ጋ ያለው እምነት እኔ ጋ ጭራሽ ያልነበረ መሰለኝ። ከሚድ ፈተና በኋላ አንድ ሌሊት አላስቻለኝም፤ ተነስቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«እንዴት ነው በየቀኑ የምትችይው?» አልኳት።

«እንቅልፍ አይወስደኝም እኮ» አለችኝ። «ከመጣሁ ጀምሮ። እናቴ ሁልጊዜ በዚህ ሰዓት ነው የምትነሳው። እሷን እያሰብኩ ነው የምነቃው።»

ሁለታችንም አለቀስን። አንድ አልጋ ላይ፣ አንዷ ከላይ አንዷ ከታች፣ ሁለት ወር ሙሉ ለየብቻችን ቤት ሲናፍቀን ነበር።

በዚያው ሰሞን የፍሬሽማን ሴሚናር መምህራችን ቦርዱ ላይ አንድ መስመር ሳለልን። ይወርዳል፣ ከዚያ ይወጣል። ካሌርቮ ኦበርግ የተባለ አንትሮፖሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1960 ስለ ባህል ድንጋጤ የጻፈውን ነበር የሚያስረዳን። መጀመሪያ እንደ ጫጉላ ሰሞን ሁሉም ነገር ያምራል። ቀጥሎ ቀውሱ ይመጣል። ከዚያ ማገገም፣ በመጨረሻም መልመድ። ኦበርግ የጻፈው ባዕድ አገር ስለሚኖሩ ሰዎች ነው። እኔ ግን መስመሩ የትኛው ቦታ ላይ እንዳለሁ በጣቴ ማሳየት እችል ነበር። ይህን ትምህርት ሁለት ወር ካለፈ በኋላ ከመስጠት በመጀመሪያው ሳምንት ቢሰጡት ኖሮ ስንቱን ሌሊት ባረፍኩ።

ትምህርቱ ላይ ግን አልደራደርም። ክፍላችን ውስጥ አሥራ ስምንት ነበርን። መደበቂያ የለም፤ ሳያነቡ መምጣት አይሞከርም። ግሪክኛ ስንጀምር ሃያ አራቱን ፊደላት እንደ ሕፃን እየቆጠርን ነው የያዝናቸው። የመጀመሪያውን ኩዊዝ ወደቅኩ። በማግስቱ መምህሩ ራሱ ካፌ ድረስ መጥቶ «ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ቢሮዬ ነይ» አለኝ። ሴሚስተሩን ሙሉ ማክሰኞ ማክሰኞ አስጠናኝ።

ከሁሉ የከበደኝ የሐዲስ ኪዳን መግቢያ ነው። የሐዲስ ኪዳን ጸሐፊዎች ራሳቸው የጻፏቸው ገጾች ዛሬ እጃችን ላይ የሉም። ያሉን ቅጂዎች ናቸው። በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከተገለበጡት ሁለቱ፣ ኮዴክስ ሲናይቲከስና ኮዴክስ ቫቲካነስ፣ የማርቆስን ወንጌል ምዕራፍ 16 ቁጥር 8 ላይ ያቆማሉ። ከ9 እስከ 20 ያለውን በልጅነቴ በቃሌ ይዤ ጉባኤ ፊት ያነበነብኩት ነው። እጄ ቀዘቀዘ። ክፍል ሲያልቅ ከወንበሬ አልተነሳሁም።

መምህሩ አልሸሸም። ቦርሳውን አስቀመጠ፣ ወንበር ስቦ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። እሱም በእኔ ዕድሜ ይህን ሲሰማ ሌሊቱን ሲገላበጥ እንዳደረ ነገረኝ። ቅጂዎቹ እንዴት እንደሚነጻጸሩ፣ ለምን ሊቃውንት ከአንድ ቅጂ ይልቅ ብዙ ቅጂ ማግኘት እንደሚመርጡ አስረዳኝ። ሲመሽ «ጥያቄውን ይዘሽው ጸልዪ፤ ጥለሽው አትጸልዪ» ብሎኝ ተነሳ። አምስት መቶ ተማሪ በሚቀመጥበት አዳራሽ ውስጥ ብሆን ኖሮ እጄ መቀዝቀዙን ማን ያየዋል?

አሁን ወደ ቅሬታዬ። አባቴ ታሞ ነበር። ለአንዲት ሲኒየር በምሥጢር ነገርኳት። እሁድ ማታ በዶርም ጸሎት ላይ «ስለ እህታችን አባት እንጸልይ» አለች። ሕመሙን፣ የቤታችንን ሁኔታ፣ ሁሉንም ዘረዘረችው። ክፋት እንዳልነበረባት አውቃለሁ። በማግስቱ ካፌ ውስጥ የማላውቃቸው ልጆች ሳይቀሩ ትከሻዬን ነካ እያደረጉ «አይዞሽ» አሉኝ። ትሪዬን እንዳለ አስቀምጬ ወጣሁ። የሰው ገመና በጸሎት ርዕስ ስም ሲወጣ ማንም ሐሜት አይለውም። ግን ያው ነው፣ ያማል። አንድ ሰው ቀደም ብሎ «ሳትጠይቁ የሰው ጉዳይ ይዛችሁ ጸሎት ላይ አትውጡ» ቢለን ይበቃ ነበር።

ወዴት ልሂድ? ኮሌጁ ራሱን የቻለ የሥነ ልቦና አማካሪ የለውም። ያለው ቻፕሊኑ ነው። ቻፕሊኑ ሰባኪ ነው፣ መምህር ነው፣ የዲሲፕሊን ኮሚቴ አባልም ነው። ደግ ሰው ነው። ግን ነገ ሊቀጣህ የሚችል ሰው ፊት ዛሬ ልብህን አትከፍትም። ኮሌጁ አንድ ነገር ብቻ ቢያስተካክል የምመርጠው ይህን ነው።

ሻንጣዬን አሰርኩ። የተዋስኳቸውን ሦስት መጻሕፍት ልመልስ ላይብረሪ ገባሁ። ላይብረሪያኗ ቀናቸውን አየች። «እነዚህ እኮ ገና አሥር ቀን አላቸው» አለች። ዝም አልኩ። ረጅም ጊዜ አየችኝና «ልትሄጂ ነው?» አለችኝ። ከዚያ ምክር አልሰጠችኝም። በሳምንት ስድስት ሰዓት መጻሕፍት ወደ መደርደሪያ የሚመልስ ሰው እንደምትፈልግ ነገረችኝ። «እስከ ሐሙስ ብትሞክሪው?»

ቪንሰንት ቲንቶ የተባለ የትምህርት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1975 ተማሪ ኮሌጅ የሚያቋርጠው በትምህርቱም በማኅበራዊ ኑሮውም ከቦታው ጋር ሳይተሳሰር ሲቀር ነው የሚል ሐሳብ አቅርቧል። ይህን ያነበብኩት እዚያው መደርደሪያዎቹ መካከል፣ መጽሐፍ ስመልስ ነው። የእኔ ማሰሪያ የመጽሐፍ ጋሪ ሆነ።

ያ ሐሙስ ሲደርስ ሥራ ጨርሼ ስወጣ ከላይብረሪው ጀርባ ካለች ክፍል ዝማሬ ሰማሁ። በፈቃዳቸው የሚሰበሰቡ ተማሪዎች ናቸው። ከእኔ ጋር አሥራ አንድ ሆንን። መዝጋቢ የለም፣ ማሽን የለም፣ ግማሹ ሰዓት ዝምታ ነው። እዚያ እንደገና መጸለይ ቻልኩ። አስተዳደሩ ካርዱ ከቀረ ቻፕል ባዶ ይሆናል ብሎ ይሰጋል። አሥሩ ግን ዝናብ እየደበደባቸውም ይመጡ ነበር።

ለሁለተኛ ዓመት ተመዝግቤያለሁ። ልትገቡ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ የሥነ ምግባር ደንቡን ከመፈረማችሁ በፊት ቤታችሁ ወስዳችሁ አንብቡት፤ ሰዓት እላፊውም፣ የቻፕል ቀሪውም እዚያ አለ። እውቅናውን አረጋግጡ። ክሬዲቱን ሌላ ዩኒቨርሲቲ እንደሚቀበለው ከዚያው ከዩኒቨርሲቲው በጽሑፍ ጠይቁ። ከእኛ ዶርም አንዷ ዓመቱ ሲያልቅ ተዛውራ ከወሰደቻቸው አሥር ኮርሶች የተቀበሏት አራቱን ብቻ ነው። ግሪክኛውን ከነጭራሹ አልቆጠሩላትም።