የጎልፍ 2 መሪዬን ከቀየርኩ 14 ወር ሆነ

መኪናዬ እ.ኤ.አ. የ1989 ቮልስዋገን ጎልፍ 2 ናት። ፍራንክፈርት ነው የምኖረው። ሞተሯ አንድም ቀን መንገድ ላይ ጥሎኝ አያውቅም። ያስመረረኝ መሪዋ ነበር። በበጋ ፕላስቲኩ እጅ ላይ ይጣበቃል። ከላይ በኩል ደግሞ ተሰነጣጥቆ ጣቴን ይቧጥጠኝ ነበር። ቀየርኩት፤ ይኸው 14 ወር ነዳሁበት። መሪ ለመቀየር የሚያስብ ሰው እኔ የከፈልኩትን ሁለት ጊዜ እንዳይከፍል ያየሁትን ልንገረው።

አሁን የምነዳበት መሪ መጀመሪያ የገዛሁት አይደለም። የመጀመሪያውን ከኢንተርኔት በ45 ዩሮ ነበር ያመጣሁት። 32 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው፣ መሃሉ ላይ የታወቀ ስም የተጻፈበት፣ ሲያዩት የሚያምር መሪ ነው። ራሴው ፈትቼ ራሴው አሰርኩት። በማግስቱ ሁለት መኪና መሃል ላቆም ስታገል ትከሻዬ ዛለ። የእኔ ጎልፍ የመሪ ማገዣ የላትም፤ ጎማውን የሚያዞረው የክንድ ጉልበት ብቻ ነው። የድሮውን በሜትር ስለካው 38 ሳንቲሜትር ሆነ። መሪ ማለት ዘንግን በርቀት እንደሚያዞር ማንሻ ነው፤ ሲጠብ የሚፈልገው ጉልበት በዚያው ልክ ይጨምራል። ከ38 ወደ 32 ሲወርድ ወደ 19 በመቶ ተጨማሪ ጉልበት ይጠይቃል። ወደ 35 ብቻ ቢወርድ ግን ጭማሪው 9 በመቶ ገደማ ነው። በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል። ቆማ ባለች መኪና ላይ ግን ልዩነቱን ክንድ ያውቀዋል።

ክብደቱ ግን ትልቁ ችግር አልነበረም። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንድ ሐበሻ መካኒክ አሉ። መሪውን አይተው መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ ውበቱም ስለ ዋጋውም አልነበረም። ጀርባውን ገልብጠው ዳበሱና «ቁጥሩስ የታል?» አሉኝ። የፈቃድ ቁጥር የለውም። ወረቀትም አብሮት አልመጣም። «ልጄ፣ ይሄ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ነው። ወረቀቱን ሳታይ መሪ አትግዛ» ብለው የዚያኑ ዕለት አወለቁት። የድሮው ተመለሰ።

ጋሼ ያሉትን በኋላ ራሴም አነበብኩት። በጀርመን የተሽከርካሪ ፈቃድ ደንብ አንቀጽ 19 መሠረት፣ በመኪና ላይ የተደረገ ለውጥ ሌሎችን ለአደጋ ያጋልጣል ተብሎ የሚጠበቅ ከሆነ የመኪናው የመንገድ ፈቃድ ይወድቃል። መሪ ደግሞ ከሁሉ በፊት የሚታይ ዕቃ ነው። ፈቃዱ ወደቀ ማለት ፖሊስ ካስቆመህ ቅጣት ነው። ከዚያ የሚብሰው ግን አደጋ ከደረሰ የሚመጣው ነው፤ ኢንሹራንሱ የከፈለውን ገንዘብ ካንተ ሊጠይቅ ይችላል። ለአንድ መሪ ብሎ እዚህ ውስጥ መግባት እውነትም አያዋጣም።

መንገዱ ግን ዝግ አይደለም። የሚፈለጉት ወረቀቶች በዋናነት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው አቤኤ የሚባለው ነው። ዕቃው ራሱ አጠቃላይ ፈቃድ አለው ማለት ነው። መኪናህ ዝርዝሩ ውስጥ ካለችና ወረቀቱ «አስመርምር» የሚል ግዴታ ካላስቀመጠ፣ ወረቀቱን መኪና ውስጥ ይዞ መንዳት ይበቃል። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ አይቶ ይተወዋል፤ ግዴታው የሚጻፈው ግን ወደ ኋላ ነው። ሁለተኛው ታይልጉታኽተን ነው። ይሄኛው ዕቃው መፈተሹን ብቻ ነው የሚመሰክረው። መሪው እንደታሰረ ሳይዘገይ መኪናዋን ወደ ምርመራ ወስዶ መግጠሙን ማስጸደቅ የግድ ነው። ደግሞ መሪው ብቻውን ወረቀት ቢኖረው አይበቃም። መሪውን ከዘንጉ ጋር የሚያገናኘው ማያያዣም አብሮ መጠቀስ አለበት። ዕቃው ላይ የታተመው ቁጥርና ወረቀቱ ላይ ያለው አንድ መሆን አለባቸው።

ሁለተኛውን መሪ ስገዛ ቅደም ተከተሉን ገለበጥኩት። መጀመሪያ ወረቀቱን ከሻጩ ተቀበልኩ። ፎቶውን ለመርማሪው ባለሙያ በኢሜይል ልኬ «ይሄ ለእኔ መኪና ይሆናል ወይ?» አልኳቸው። «ይሆናል» የሚል መልስ ሲመጣ ነው ገንዘብ ያወጣሁት። የሞሞ ምርት ነው፤ 35 ሳንቲሜትር፣ ጥቁር ቆዳ፣ ባለ ሦስት ክንድ። መሪው 190 ዩሮ፣ ማያያዣው 80፣ ምርመራው ደግሞ ወደ 50 ዩሮ ወሰደብኝ።

ሞሞን የመረጥኩት ለስሙ አይደለም። ጂያንፒዬሮ ሞሬቲ የሚባለው ጣሊያናዊ ተወዳዳሪ ይህን ሥራ በ1960ዎቹ ነው የጀመረው። ጆን ሰርቲስ እ.ኤ.አ. በ1964 በፌራሪ የፎርሙላ ዋን ሻምፒዮን ሲሆን የያዘው የእሱን መሪ ነበር። ለእኔ ይሄ ጠቃሚ የሚሆነው ሐሳቤ የኤች ሰሌዳ፣ ማለትም ለታሪካዊ መኪና የሚሰጠውን ሰሌዳ፣ ማውጣት ስለሆነ ነው። ጀርመን ውስጥ መኪና 30 ዓመት ከሞላውና በደንብ ከተያዘ እንደ ታሪካዊ ቅርስ ይመዘገባል። ዓመታዊ ግብሩም በቁርጥ 191.73 ዩሮ ይሆናል። በመኪናው ላይ ያለው ለውጥ ግን የዘመኑ መሆን አለበት። በ1980ዎቹ ጎልፍ ላይ ይታሰር የነበረ ዓይነት መሪ ያልፋል። ትናንት የወጣ፣ ታቹ ጠፍጣፋ የሆነ ነገር ግን ጥያቄ ያስነሳል።

ያሰሩልኝ ጋሼ ናቸው። ጎማዎቹን ቀጥ አድርገው፣ ባትሪውን ነቅለው፣ በ24 ቁጥር ቁልፍ ዳዶውን ፈቱት። ዘንጉ ላይ ያሉት ጥርሶች ደቃቅ ናቸው። አንድ ጥርስ ቢዛነፍ መሪው ተጣሞ ይቀራል። ማያያዣው ላይ ደግሞ ፍሬቻውን የሚመልስ ጉጥ አለ። የእኔ በመጀመሪያው ሙከራ በግራ በኩል አልመለስ ብሎ እንደገና ተፈታ። መርማሪው ቁጥሮቹን ከወረቀቱ ጋር አመሳከሩ፤ መሪውን በሁለቱም በኩል እስከ መጨረሻው አዞሩ፤ ክላክስ አስጮሁ፤ ፍሬቻው ሲመለስ አዩ። ወንበሩ ላይ ተቀምጠውም የፍጥነት መቁጠሪያው መታየቱን አረጋገጡ። ማረጋገጫውን ከሊብሬው ጋር ይዤ ነው የምዞረው።

በ14 ወር ውስጥ የወደድኩት አያያዙን ነው። ቆዳው አይንሸራተትም፤ ወፈር ስላለ እጅ ይሞላል። በአውቶባን ወደ ካርልስሩኸ ስወርድ ድሮ መሪው ላይ የነበረው ልልነት ቀርቷል። ለካ ግማሹ የፕላስቲኩ መተጣጠፍ ኖሯል። ያልወደድኩትም አለ። ማያያዣው መሪውን ወደ ደረቴ አራት ሳንቲሜትር ያህል አምጥቶታል። ስለዚህ ፍሬቻው ከጣቴ ራቀ፤ ለመልመድ ሳምንታት ፈጅቶብኛል። በአራተኛው ወር ክላክሱ ሞተ። ምክንያቱ አንድ የላላ ሽቦ ነበር፤ በአሥር ደቂቃ ተሠራ። ክላክስ የሌለው መኪና ግን ምርመራ አያልፍም፤ በየጊዜው መጫን ጥሩ ነው። በክረምት ጠዋት ቆዳው እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል። ግራ እጄ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ስፌቱ መሳሳት ጀምሯል፤ ለ190 ዩሮ ቶሎ ነው እላለሁ።

አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ፎቶውን አይቶ ለቪትዙ እንዲህ ዓይነት እንድልክለት ጠየቀኝ። እምቢ አልኩት። የእኔ ጎልፍ መጀመሪያውኑ ኤርባግ የላትም፤ የእሱ መሪ ውስጥ ግን አለ። ኤርባግ የሚነፋው በሚፈነዳ ነገር ነው። ጀርመን ውስጥ የሠለጠነ ባለሙያ ካልሆነ እንዲነካው አይፈቀድም። ከመሪው ጀርባ ያለው የተጠቀለለ ሽቦ ከተበጠሰ ዳሽቦርዱ ላይ መብራቱ በርቶ ይቀራል፤ በአደጋ ጊዜም ኤርባጉ ላይሠራ ይችላል። እንዲህ ያለ መኪና የሚነዳ ሰው መሪው ካረጀበት ክቡን ብቻ በቆዳ ያስለብሰው፤ መሃሉ እንዳለ ይተው። ወንድሜ መጀመሪያ ቅር አለው፤ በኋላ ግን አስለበሰው።

የጎልፏን የድሮ መሪ አልጣልኩትም። በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ምድር ቤት አስቀምጬዋለሁ። በመጪው መጋቢት የሁለት ዓመት ምርመራዬ ነው፤ የኤች ሰሌዳውንም ያኔ እጠይቃለሁ። ባለሙያው አዲሱን አልቀበልም ካሉ ያንኑ አውጥቼ አስራለሁ።